ከሁለት ጠቦቶች የትኛው ለዘር ይቅር? የበጎች ዕድገትና ሒሳባዊ ሞዴል

አንድ አርሶ አደር በአንድ ሰሞን የተወለዱ ሁለት ወንድ ጠቦቶች አሉት እንበል። ሁለቱም ስድስት ወር ሞልቷቸዋል። በሚዛን ሲለኩ የመጀመሪያው 19.0 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኛው 18.4 ኪሎ ግራም ሆነው ተገኝተዋል። በዓል ተቃርቧል፤ ለማዳበሪያ ክፍያም ሆነ ለልጆች ደብተርና ልብስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው ጠቦት ገበያ ይወጣል፤ ሌላው ግን አድጎ የመንጋው አውራ ይሆናል። የትኛው ይሸጥ? የትኛውስ ለዘር ይቅር?

ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል። በግ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ወገቡን ይዳብሳል፤ ላቱን በእጁ ይመዝናል፤ ጥርሱንም ያያል። ገዢው ዋጋ የሚቆርጠው ግን ዛሬ በፊቱ ለቆመው በግ ነው። አርሶ አደሩ የሚመርጠው ዛሬ ያለውን በግ ብቻ አይደለም፤ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሆነውንና ከእርሱ የሚወለዱትንም ጭምር ነው። እነዚህን ደግሞ ማንም በዐይኑ አያያቸውም።

በአገራችን በብዙ አካባቢዎች የተለመደው አሠራር ችግሩን ያብሰዋል። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል። በዕድገቱ ወደ ኋላ የቀረው ግን ገዢ እስኪያገኝ ድረስ ከመንጋው ጋር ይቆይና ዘሩን ያስተላልፋል። ማንም ሳያስበው የተገላቢጦሽ ምርጫ ተካሄደ ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የሚጎዳው የመንጋው ዘር፣ ከዚያም የባለቤቱ ኑሮ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የአንድን በግ ዕድገት በሒሳባዊ ሞዴል እንዴት መግለጽ እንደሚቻል፣ ሞዴሉ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ ምን መልስ እንደሚሰጥና መልሱን እስከ የት ድረስ ማመን እንደሚገባን እንመለከታለን። ለስሌት የምንጠቀምባቸው የጠቦቶቹ ቁጥሮች ለማስረጃነት ያዘጋጀናቸው ምሳሌዎች መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን። በፊዚክስ በመጠነ ቁስና በክብደት መካከል ልዩነት እንዳለ ይታወቃል። እዚህ ግን በገበያ እንደተለመደው በኪሎ ግራም የሚለካውን «ክብደት» እያልን እንጠራዋለን።

ሞዴል ማለት ምን ማለት ነው?

አንድን ግልገል ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በየጊዜው ብንመዝነው የምናገኘው የቁጥሮች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን በግራፍ ላይ ብናሰፍረው በአግድም መስመሩ ዕድሜ፣ በቋሚው መስመር ደግሞ ክብደት የሚነበብባቸው ነጠብጣቦች ይታዩናል። ነጠብጣቦቹ የሆነውን ይነግሩናል፤ ለምን እንደሆነና ወደፊት ምን እንደሚሆን ግን አይነግሩንም።

ሒሳባዊ ሞዴል በእነዚህ ነጠብጣቦች መካከል የሚያልፍ ለስላሳ መስመር የሚሰጥ ቀመር ነው። ይሁን እንጂ በነጠብጣቦች መካከል የሚያልፍ መስመር ሁሉ ጥሩ ሞዴል አይደለም። ጥሩ ሞዴል የሚባለው በውስጡ ያሉት ቋሚ ቁጥሮች ጥቂት ሆነው እያንዳንዳቸው ስለ እንስሳው አንድ ትርጉም ያለው ነገር ሲናገሩ ነው። አሥር የሚዛን ንባቦችን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች ማጠቃለል ከቻልን፣ እነዚያም ቁጥሮች ከበግ ወደ በግ የሚወዳደሩ ከሆኑ፣ ሞዴሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ከሲኒ ቡና እስከ ጠቦት

ከቀላሉ ሐሳብ እንነሣ። ማንኛውም በግ አድጎ የሚያቆምበት ክብደት አለው። ይህን የጉልምስና ክብደት «ሙ» እንበለው። በአንድ የተወሰነ ቀን የጠቦቱ ክብደት «ክ» ከሆነ፣ ገና ያልተሞላው ጉድለት ሙ − ክ ይሆናል። አሁን አንድ ግምት እንውሰድ፤ ይኸውም ጠቦቱ በየቀኑ የሚጨምረው ክብደት ከቀረው ጉድለት ጋር ይመጣጠናል የሚል ነው። በቀመር ሲጻፍ፦

ዕለታዊ ጭማሪ = ፍ × (ሙ − ክ)

እዚህ ላይ «ፍ» የዕድገቱን ፍጥነት የሚወስን ቋሚ ቁጥር ነው። ፍ 0.005 ከሆነ፣ ጠቦቱ በየቀኑ ከቀረው ጉድለት ከሺህ አምስት እጁን ይሞላል ማለት ነው።

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን እኩልዮሽ ከዚህ በፊት አይተውታል። በሲኒ የተቀዳ ቡና የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው፤ በቡናውና በክፍሉ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሲሆን ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ቅዝቃዜው ይዘገያል። ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል በኤሌክትሪክ ሲሞላም የሚከተለው ይህንኑ እኩልዮሽ ነው። ቡናው፣ ካፓሲተሩና ጠቦቱ በተፈጥሯቸው የሚገናኙበት ነገር የለም፤ ነገር ግን ሦስቱም «ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ፍጥነቱ የሚቀንስ» ሂደት ስለሆኑ በአንድ ሒሳብ ይገለጻሉ።

ከላይ ያለው ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ሲፈታ የሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

ክ = ሙ − (ሙ − ል) × ኤ^(−ፍ × ጊ)

በዚህ ቀመር «ል» በልደት ቀን የነበረው ክብደት፣ «ጊ» በቀን የሚቆጠር ዕድሜ፣ «ኤ» ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነው የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት ነው። የ^ ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ርቢ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ቀመር በእንስሳት ሳይንስ የብሮዲ ሞዴል ተብሎ ይታወቃል። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ከነበረው ከሳሙኤል ብሮዲ ሲሆን፣ ብሮዲ ስለ እንስሳት ዕድገትና ስለ ሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው።

የመጀመሪያውን ጠቦታችንን እንውሰድ። ሲወለድ 3 ኪሎ ግራም ነበር፤ የጉልምስና ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም፣ ፍ ደግሞ በቀን 0.005 ነው። ቀመሩ የሚከተለውን ይሰጠናል፦

በልደት ቀን፦ ክብደት 3.0 ኪሎ፣ ዕለታዊ ጭማሪ 135 ግራም
በ90 ቀን፦ ክብደት 12.8 ኪሎ፣ ዕለታዊ ጭማሪ 86 ግራም
በ180 ቀን፦ ክብደት 19.0 ኪሎ፣ ዕለታዊ ጭማሪ 55 ግራም
በ365 ቀን፦ ክብደት 25.6 ኪሎ፣ ዕለታዊ ጭማሪ 22 ግራም

ከዚህ ሰንጠረዥ አንድ ተግባራዊ ነገር እንማራለን። በአንድ ዓመቱ ጠቦቱ በቀን የሚጨምረው ገና በተወለደበት ወቅት ይጨምር ከነበረው አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነቱን ለማቆየት የሚበላው መኖ ግን ከክብደቱ ጋር እያደገ ሄዷል። ለሽያጭ ብቻ የሚያሳድግ ሰው «እስከ መቼ ላቆየው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሽሚያ ውስጥ ነው።

ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በተወሰነ ጊዜ እኩሌታው እንደሚፈራርስ ሁሉ፣ የጠቦቱም ጉድለት በተወሰነ ጊዜ እኩሌታው ይሞላል። ይህን ጊዜ ለማግኘት 0.693ን ለፍ ማካፈል ይበቃል፤ ለእኛ ጠቦት 139 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ከ27 ኪሎ ጉድለት ተነሥቶ በ139ኛው ቀን 13.5፣ በ278ኛው ቀን ደግሞ 6.75 ኪሎ ይቀረዋል።

የኤስ ቅርጽ ያላቸው ሞዴሎች

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። በብሮዲ ሞዴል ከፍተኛው ዕለታዊ ጭማሪ የሚታየው በልደት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ ብቻ ነው። ብዙ ሕያዋን ግን በመጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ ፈጥነው፣ በመጨረሻም እየዘገዩ ነው የሚያድጉት። የእነዚህ ዕድገት በግራፍ ሲሰፍር የላቲኑን ፊደል ኤስን ወደ ጎን እንደሳቡት ያለ ቅርጽ ይይዛል። ቁልቁለቱ ከመጨመር ወደ መቀነስ የሚዞርበትን ቦታ መታጠፊያ ነጥብ እንለዋለን።

ለዚህ ዓይነቱ ዕድገት የሚያገለግሉ ሞዴሎች ታሪካቸው ከበግ በጣም የራቀ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 ቀመሩን ያቀረበው የሰው ልጅ የሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለመግለጽ ነበር፤ ጉዳዩ የሕይወት መድን ሒሳብ ነበር። ቤልጅየማዊው ፒየር ፍራንስዋ ፌርኹልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ሎጂስቲክ የተባለውን ሞዴል ያወጣው ስለ ሕዝብ ብዛት ለማጥናት ነው። የኦስትሪያው ተወላጅ ሉድቪግ ፎን በርታላንፊ ግን በቀጥታ ከሰውነት አሠራር ተነሣ፤ ሰውነት የሚገነባው ከገጽ ስፋቱ ጋር፣ የሚፈርሰው ደግሞ ከክብደቱ ጋር ተመጣጥኖ ነው የሚል ግምት ወስዶ የዕድገትን ቀመር ከሁለቱ ልዩነት አወጣ።

ሦስቱ ሞዴሎች የሚለያዩት በመታጠፊያ ነጥባቸው ነው። በሎጂስቲክ ሞዴል ከፍተኛው ፍጥነት የሚገኘው እንስሳው የጉልምስና ክብደቱን እኩሌታ ሲደርስ ነው። በጎምፐርትዝ ሞዴል 37 በመቶ ገደማ፣ በበርታላንፊ ሞዴል ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። 30 ኪሎ ለሚደርስ በግ ይህ በቅደም ተከተል 15፣ 11 እና 9 ኪሎ ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሪቻርድስ አራተኛ ቋሚ ቁጥር ጨምሮ መታጠፊያው እንደ እንስሳው እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ አጠቃላይ ቀመር አቀረበ። ከላይ የጠቀስናቸው ሁሉ፣ ብሮዲም ጭምር፣ የሪቻርድስ ቀመር ልዩ ሁኔታዎች ናቸው።

ታዲያ ለበግ የትኛው ይሻላል? ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። የበግ ግልገል በእናቱ ማኅፀን ብዙ አድጎ ስለሚወለድና ወተት ስለሚጠባ የቀስታው ምዕራፍ ያለፈው አብዛኛውን ከልደት በፊት ነው። ስለዚህ ከልደት በኋላ ላለው ዕድገት የብሮዲ ሞዴል ብዙ ጊዜ ያረካል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዝርዝር ለሚፈልግ ግን መታጠፊያ ያላቸው ሞዴሎች ይመረጣሉ። እኛ ለዚህ ጽሑፍ ቀላሉን ይዘን እንቀጥላለን።

ሁለቱ ጠቦቶች በሞዴሉ ፊት

ወደ ሁለተኛው ጠቦት እንመለስ። እርሱም ሲወለድ 3 ኪሎ ነበር። የጉልምስና ክብደቱ ግን 40 ኪሎ፣ ፍ ደግሞ 0.003 ነው እንበል። በሌላ አነጋገር የሚደርስበት ሩቅ ነው፤ የሚሄደው ግን ቀስ ብሎ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው፦

በ90 ቀን፦ የመጀመሪያው 12.8፣ ሁለተኛው 11.8 ኪሎ
በ180 ቀን፦ የመጀመሪያው 19.0፣ ሁለተኛው 18.4 ኪሎ
በ270 ቀን፦ የመጀመሪያው 23.0፣ ሁለተኛው 23.5 ኪሎ
በ365 ቀን፦ የመጀመሪያው 25.6፣ ሁለተኛው 27.6 ኪሎ
በ730 ቀን፦ የመጀመሪያው 29.3፣ ሁለተኛው 35.9 ኪሎ

በስድስት ወራቸው መንታ የሚመስሉት ጠቦቶች በሁለት ዓመታቸው ከስድስት ኪሎ በላይ ተለያይተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነበብ ሚዛን ይህን ሊያሳየን አይችልም፤ ሁለት የተለያዩ መንገዶች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉና።

«እንግዲያው ሁለተኛው ይሻላል» ብለን ለመደምደም ግን አንቸኩል። ከአውራው የሚወለዱት ወንዶች ብቻ አይደሉም። ሴቶቹ በመንጋው ውስጥ ለዓመታት እየኖሩ፣ እየወለዱና እየበሉ ይቆያሉ። ማክስ ክላይበር እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳየው፣ አጥቢ እንስሳ ሰውነቱን ለማቆየት የሚያስፈልገው የኃይል መጠን ከክብደቱ 3/4ኛ ርቢ ጋር በግምት ይመጣጠናል። 40ን ለ30 አካፍለን ውጤቱን 3/4ኛ ርቢ ብናደርገው 1.24 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 40 ኪሎዋ እናት በግ ከባለ 30 ኪሎዋ ይልቅ ሩብ ያህል ተጨማሪ መኖ ትፈልጋለች። ለ100 ትልልቅ እናቶች የሚበቃው ግጦሽ 124 ትንንሽ እናቶችን ይመግባል። እያንዳንዷ በዓመት እኩል ግልገል ብትወልድ ትንንሾቹ በቁጥር ይበልጣሉ።

የመንዝን በግ ትንሽነት ከዚህ አንጻር ማየት ያስፈልጋል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ብርዱ በሚበረታበትና በበጋ ሣሩ በሚሳሳበት ምድር የኖረው ይህ ባለ ሱፍ፣ ባለ ላት በግ ግዙፍ አለመሆኑ ድክመት አይደለም። ሙ ትንሽ መሆኑ መኖ በሚያጥርባቸው ወራት ለመትረፍ ይረዳዋል። መኖ እንደ ልብ በሚገኝበት ቦታ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ሊያዘነብል ይችላል። ሞዴሉ የሚያስተምረን «ትልቅ ጥሩ ነው» ወይም «ትንሽ ጥሩ ነው» የሚል ነገር አይደለም፤ መጠንና ፍጥነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና አርሶ አደሩ የትኛውን ለምን እንደሚፈልግ ማወቅ እንዳለበት ነው።

ሙ እና ፍ ከየት ይገኛሉ?

እስካሁን ሙ እና ፍን አውቀን እንደተነሣን አድርገን ተናግረናል። በተጨባጭ ግን እነዚህ ቁጥሮች በጠቦቱ ግንባር ላይ አልተጻፉም፤ ከሚዛን ንባብ መውጣት አለባቸው። ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በኮምፒዩተር ነው፤ በሞዴሉና በንባቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ዳግም ርቢ እያደረጉ ይደምሩና ድምሩን ትንሽ የሚያደርጉትን ቁጥሮች ይፈልጋሉ። እኛ ግን በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ አንድ መንገድ እናሳይ።

ጠቦቱ በእኩል የጊዜ ርቀት ሦስት ጊዜ ይመዘን። በ90፣ በ180 እና በ270 ቀን 12.8፣ 19.0 እና 23.0 ኪሎ ሆነ። የመጀመሪያው ጭማሪ 6.2፣ ሁለተኛው 4.0 ኪሎ ነው። በብሮዲ ሞዴል መሠረት ተከታታይ ጭማሪዎች ጂኦሜትሪያዊ ድርድር ይሠራሉ፤ ማለትም እያንዳንዱ ጭማሪ ከቀዳሚው ጋር ያለው ሬሾ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ሬሾው 4.0 ለ6.2 ሲካፈል 0.645 ነው። ከ90ኛው ቀን ጀምሮ የሚመጡት ጭማሪዎች እስከ መጨረሻው ቢደመሩ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ 6.2ን ለ(1 − 0.645) ማካፈል ነው፤ 17.5 ኪሎ ይሆናል። ይህ ከ12.8 ጋር ሲደመር የጉልምስና ክብደቱ 30.3 ኪሎ ሆኖ ይገኛል። ከትክክለኛው 30 ጋር ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው። ሦስት ንባቦች ብቻ ይዘን፣ በጉ ገና ሳይጎለምስ፣ የሚደርስበትን ክብደት ተነበይን።

ይህ የሚያስደስት ውጤት ነው፤ ይሁን እንጂ ሊያሳስትም ይችላል። ጠቦቱ በ270ኛው ቀን ከመመዘኑ በፊት ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥቶ ነበር እንበል። ሚዛኑ 23.5 ኪሎ ያነባል። ሁለተኛው ጭማሪ 4.5፣ ሬሾው 0.726 ይሆናል። ስሌቱን ስንደግመው የጉልምስና ክብደቱ 35.4 ኪሎ ይወጣል! ግማሽ ሊትር ውኃ በወረቀት ላይ ወደ አምስት ኪሎ ሥጋ ተለወጠ። በተቃራኒው ጠቦቱ ሆዱ ባዶ ሆኖ 22.5 ኪሎ ቢነበብ ኖሮ ስሌቱ 27 ኪሎ ይሰጠን ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ሚዛን በሌለበት ቦታ የበግ ክብደት የሚገመተው የደረቱን ዙሪያ በሜትር በመለካት ነው። ክብደት ከርዝመት ሣልስ ርቢ ጋር በግምት ስለሚመጣጠን፣ በዙሪያው ልክ ላይ የ2 በመቶ ስሕተት በክብደቱ ላይ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ለ23 ኪሎ ጠቦት ይህ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ስሕተት በሦስተኛው ንባብ ላይ ብንጨምረው ስሌታችን 61 ኪሎ የሚደርስ በግ ይተነብያል። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ከቀመሩ አቅም በላይ የጠየቅነው እኛ ነን።

ነገሩ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሦስቱ ንባቦቻችን የሚሸፍኑት እስከ 23 ኪሎ ያለውን መንገድ ብቻ ነው፤ ጥያቄያችን ግን ማንም ስላላየው ቀሪ መንገድ ነው። በተለኩ ነጥቦች መካከል መገመት አንድ ነገር ነው፤ ከተለኩት ነጥቦች ባሻገር መገመት ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ትንሿ ስሕተት ትባዛለች። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ውኃ የጠጣው ጠቦት ሙ ሲጨምር ፍ ከ0.005 ወደ 0.0036 ዝቅ ይላል። በመንጋ ጥናት «የሚገዝፉት በዝግታ ያድጋሉ» የሚል ዝምድና ሲታይ ከፊሉ እውነተኛ የእንስሳው ጠባይ፣ ከፊሉ ደግሞ የልኬት ስሕተት ጥላ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። በላቦራቶሪ የስሕተት መጠን እንድትጽፉ መምህራን አጥብቀው የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም።

በጋና ክረምት

ሞዴላችን ሌላም ነገር ዘሏል። መስመሩ ለስላሳ ነው፤ የኢትዮጵያ ዓመት ግን ለስላሳ አይደለም። በበጋ ግጦሹ ሲደርቅ ጠቦት ዕድገቱን ያቆማል፤ አንዳንዴም ይከሳል። ዝናቡ ገብቶ ሣር ሲበቅል ደግሞ ያጣውን የሚያካክስ ይመስል ከወትሮው ፈጥኖ ይጨምራል። ስለዚህ እውነተኛው ግራፍ በሞዴሉ መስመር ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህ ሞዴሉን እንድንጥለው አያደርገንም። እንዲያውም ከመስመሩ ያለው ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። በአንድ ወር የመንጋው ጠቦቶች በሙሉ ከመስመሩ በታች ከወረዱ ምክንያቱ መኖ ወይም በሽታ ነው፤ አንድ ጠቦት ብቻውን ከወረደ ግን ጉዳዩ የዚያ ጠቦት ነው። መስመሩ ባይኖር ይህን ልዩነት ለማየት የምንነሣበት መለኪያ አይኖረንም ነበር።

ከዚህም አንድ የማወዳደሪያ ሕግ ይወጣል። በክረምት መግቢያ የተወለደን ግልገል በበጋ መግቢያ ከተወለደው፣ ብቻውን የተወለደውን ከመንታው፣ ወንዱን ከሴቷ፣ የመጀመሪያ ወላጅን ልጅ ከአዋላጅ እናት ልጅ ጋር እንዲሁ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። መንታው ትንሽ የሆነው የጡት ወተት ስለተካፈለ እንጂ ዘሩ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ለዘር ምርጫ የሚፈለገው ደግሞ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ክፍል ነው።

ታዲያ የትኛው ይቅር?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በስድስት ወራቸው የሁለቱ ጠቦቶች ልዩነት 600 ግራም ነበር፤ በዘጠኝ ወራቸው ደግሞ 500 ግራም። ይህ አንድ ጠቦት በአንድ ጊዜ ከሚጠጣው ውኃ አይበልጥም። እንግዲህ በነዚህ ንባቦች ብቻ ተመሥርቶ አንዱን መምረጥ ሳንቲም ወርውሮ ከመምረጥ ብዙ አይሻልም። ሆኖም አርሶ አደሩ ያለ መረጃ አይደለም።

አንደኛ፣ ጠቦቶቹ ጠዋት ከመጠጣታቸውና ከመሰማራታቸው በፊት ይመዘኑ፤ በተከታታይ ሁለት ሦስት ጠዋቶች ተመዝነው አማካዩ ይያዝ። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መመዘን በሆዳቸው ያለውን ውኃ አይቀንሰውም። ሁለተኛ፣ የጠቦቱ የጉልምስና ክብደት ገና ባይታወቅም የእናቱ ግን ይታወቃል፤ ቆማለችና ትመዘን። የታላላቅ እኅቶቹም ሁኔታ ይታይ። ሙን ከሦስት ወጣት ንባቦች ጨምቆ ከማውጣት ይልቅ ከጎለመሰ ዘመድ መገመት አስተማማኝ ነው። ሦስተኛ፣ መመዘኑ በአንድ ቤት ብቻ አይወሰን። አንድ ቤተሰብ ያለው ጠቦት ጥቂት ነው፤ ሃያ አምስት ጠቦቶች ሲመዘኑ ግን የአማካዩ የዘፈቀደ ስሕተት የአንዱ ጠቦት ስሕተት አንድ አምስተኛ ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን በተግባር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ማኅበረሰብ አቀፍ የዘር ማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። የአንድ አካባቢ አርቢዎች መንጋዎቻቸውን ለምርጫ ሲባል እንደ አንድ መንጋ ያዩአቸዋል፤ ግልገሎች ሲወለዱና ጡት ሲጥሉ፣ እንዲሁም በስድስት ወራቸው ይመዘናሉ፤ ይመዘገባሉ። ለምርጫ የሚቀርቡት ወጣት አውራዎች በመዝገቡና በአርቢዎቹ ዐይን ይታያሉ፤ የተመረጡት ሳይሸጡ ለዘር ይቀራሉ፤ አገልግሎታቸውንም አባላቱ ይጋሩታል። የስድስት ወር ክብደት ከመለኪያዎቹ አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀጥታ የሚለካ እንጂ ከሩቅ የሚተነበይ ቁጥር አይደለም፤ የተሻሉት ጠቦቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊትም ይደርሳል።

ሒሳቡ ለአርሶ አደሩ የሚያደርገው እርዳታ እዚህ ላይ ይታያል። ዐይኑን አይተካለትም። የበጉን አቋም፣ የላቱን ቅርጽ፣ የቀለሙን ውበት፣ የእናቲቱን ጠባይ እርሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ሒሳቡ የሚጨምርለት ዐይን የማያየውን ነው፤ በአንድ ቀን ሚዛን እኩል የሆኑ ሁለት ጠቦቶች በተለያየ መንገድ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ያንንም መንገድ ለማወቅ ስንት ጊዜና በምን ጥንቃቄ መመዘን እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል።

ለአንባብያን ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ሰጥተን እንሰናበት። በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤት በግ፣ ፍየል፣ ሌላው ቢቀር ጫጩት አይጠፋም። የተወለደበትን ወይም የተፈለፈለበትን ቀን መዝግባችሁ በእኩል የጊዜ ርቀት ሦስትና ከዚያም በላይ ጊዜ መዝኑት። ከላይ ባሳየነው ዘዴ ሙ እና ፍን አስሉ። ቀጥሎ አንዱን ንባብ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ስሌቱን ድገሙና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እዩ። ከዚያ በኋላ እንስሳው እስኪጎለምስ ጠብቃችሁ ትንበያችሁን ከእውነቱ ጋር አስተያዩ። ትንበያችሁ ቢሳሳት አትዘኑ፤ በስንት እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ መናገር ከቻላችሁ የሳይንስን ሥራ ሠርታችኋል።